ዱቡሻ፤ ተቃራኒዎች ስለሚነጋገሩበት የጋሞ ሸንጎ

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግፍ የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከተገደሉትና ከቤታቸው ከተባረሩት መካከል በሽመና ሙያ የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ይገኙ ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቁጣ ተሰልፈው ወጡ፤ ከእነርሱም ውስጥ በከተማው በሚኖሩት የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ብድር ለመመለስ ያሰቡ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ሰልፈኛው ቆመ፤ ተመለሰም። ነገሩ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ የማያውቀው አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ቀን ማወደስ አይደለም። ውዳሴው በቂ ሆኗል፤ እንዲያውም ከመብዛቱ የተነሣ ነገሩን ራሱን ሳይሸፍነው አልቀረም። መንበርከክ ምልክት ነው፤ ምልክትም ኀይል የሚያገኘው ከበስተኋላው ካለው ልማድ ነው። በሌላ ስፍራ ሽማግሌ ቢንበረከክ የተቈጣ ወጣት ዘሎት ሊያልፍ ይችላል፤ አልፎም ያውቃል። እንግዲህ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ፣ ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ የሚለው ሳይሆን፣ ወጣቶቹ ስለምን ሰሟቸው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር የሚገኘው በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ሳይሆን በደጋው ላይ፣ ድንጋይ በተደረደረበት የመሰብሰቢያ ሜዳ ነው። ስሙም ዱቡሻ ይባላል፤ ቃሉ ስፍራውንም፣ በስፍራው የሚደረገውንም ጉባኤ ያመለክታል።

የጋሞ ሕዝብ የሚኖረው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ በሚገኘው ደጋና በግርጌው ባለው ቆላ ነው። የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ደገኛው እንሰትና ገብስ ያለማል፣ ከብት ያረባል፤ ቋንቋው ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው ምእተ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ፣ በማዕከላዊው መንግሥት ግዛት ሥር እስከ ገባ ድረስ ሕዝቡ ደሬ በሚባሉ ወደ 40 የሚጠጉ ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎና ቦንኬ ከእነዚህ ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው። ደሬ ከደሬ ጋር ይዋጋ ነበር። ይህን የምጠቅስበት ምክንያት፣ የጋሞን ሕዝብ በተፈጥሮው ሰላማዊ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች በመብዛታቸው ነው፤ ሰላም በተፈጥሮ ቢገኝ ኖሮ ይህን ያህል ሥርዓት ባላስፈለገው ነበር።

በእያንዳንዱ ደሬ ካኦ የሚባል ሰው አለ። ካኦ ስለ አገሩ ይሠዋል፣ ይመርቃል፤ ዳሩ ግን የአገሩን ጉዳይ ብቻውን ቆርጦ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ሀላቃ የሚባሉትም አሉ፤ እነዚህ በሕዝቡ የሚመረጡና ብዙ ድግስ ደግሰው ማዕርጋቸውን የሚቀበሉ ናቸው። በዶርዜ ስለዚህ ማዕርግ ያጠኑት ሃልፐሪንና ኦልምስቴድ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ አርእስት ላይ «ደጋሹን መያዝ» የሚል ሐሳብ ማኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማዕርጉ ሀብት የሚያስጨርስ ስለ ሆነ፣ የሚሾመው ሰው እንደሚሾም ሳይሆን እንደሚያዝ ይቆጠራል። ዋናው ሥልጣን ግን በካኦም በሀላቃም እጅ አልነበረም፤ በዱቡሻው ነበር። ዱቡሻ በየመንደሩ፣ ከዚያም ከፍ ባለው ክፍል፣ በመጨረሻም በደሬው ደረጃ ይገኛል፤ በታችኛው ያልተቋጨው ጉዳይ ወደ ላይኛው ይወጣል። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት መሠረት ያደረገ ነው፤ በዚያች በአለት ላይ በተሠራች መንደር ውስጥ የፖለቲካ ስፍራ ምን ማለት እንደ ሆነ እንደ ገና ለማሰብ የተገደደ ይመስላል።

የንግግሩ ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። ጉባኤው የሚከፈተው በሽማግሌዎች ምርቃት ነው። ተሰብሳቢው ይቀመጣል፤ የሚናገረው ይነሣል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ተናጋሪው ከጨረሰና ከተቀመጠ በኋላ ሌላው ይነሣል። ድምፅ አይቆጠርም፤ ነገሩ ተሰብሳቢው አንድ ቃል እስኪሆን ድረስ ይዘልቃል፤ ካልሆነም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። እነዚህ ደንቦች በወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ተራ ነገር ይመስላሉ። በማናቸውም የዕድር ስብሰባ ላይ «በተራ እንናገር» የሚል ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ የሚታየው ደንቡ ሲጣስ ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን አንድ ጉዳይ በዝርዝር ባቀርብ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው አንድ ደሬ፣ የጋራ ግጦሽ ስለ ነበረ ሜዳ ክርክር ተነሣ። ጎረምሶች መሬቱ ተከፋፍሎ ፖም እንዲተክሉበት ጠየቁ፤ በጨንቻና በአካባቢው ፖም ገንዘብ የሚያስገኝ ተክል ከሆነ ሰንብቷልና ጥያቄው ከንቱ አልነበረም። ከብት ያላቸው ሰዎች ሜዳው እንዳይነካ ተቃወሙ። ጠቡ በመሬት ብቻ ቢቀር ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ዘመን ስለ ሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ጎረምሶቹን የፓርቲ መልእክተኞች፣ ጎረምሶቹም ሽማግሌዎቹን የአሮጌ ሥርዓት ናፋቂዎች ይሏቸው ጀመር። በለቅሶ ቤት ሳይቀር ተለያይተው ይቀመጡ ነበር ብለው ነግረውኛል።

በመጀመሪያው ቀን፣ ከምርቃቱ በኋላ፣ አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ጥሩ አድርጎ ጀመረና በመካከል ላይ በአንድ ሽማግሌ ላይ የስድብ ቃል ተናገረ። የጠበቅሁት ሽማግሌው እንዲቈጣ፣ ወይም የሽማግሌው ወገኖች እንዲነሡ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ንግግሩ ቆመ፤ ጎረምሳው እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከዚያም ጉባኤው እንደ ገና በምርቃት ተከፈተ፤ የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ተቆጥሮ ነገሩ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ጎረምሳው እንደ ገና የመናገር ተራ ተሰጠው። ይህ ለእኔ የሥርዓቱ ቁልፍ መስሎ ታይቶኛል። ተሳዳቢው አልተባረረም፤ ስድቡ ግን ተባረረ። እኛ በከተማ የምናውቀው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰውዬው ይወጣል፣ ስድቡ ግን ለዓመታት ከእኛ ጋር ይቀመጣል።

በዚያው ቀን ግጦሹ እንዳይነካ ከሚከራከሩት አንዱ ሽማግሌ ሲነሡ የራሳቸውን ሐሳብ ወዲያው አልተናገሩም። በመጀመሪያ የጎረምሳውን ጥያቄ በራሳቸው አፍ መልሰው ተናገሩ፤ ይህ ልጅ ሚስት አግብቶ የሚቀመጥበት መሬት የለውም፣ አባቱ ያካፈለው ለእንሰት እንኳ አይበቃም፣ ከተማ ወርዶ ከመሸመን በቀር ምርጫ የለውም፣ ያለው እውነት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ከብት ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ እንሰቱ አይበቅልም፣ ፖሙንም የሚያቆመው የለም ወደሚለው ወደ ራሳቸው ክርክር የተሻገሩት። በሁለተኛው ስብሰባ ነገሩ አልተቋጨም። በሦስተኛው፣ ከሜዳው ዳርቻ የተወሰነ ክፍል ለጎረምሶቹ ተከልሎ እንዲሰጥ፣ የቀረው ግጦሽ ሆኖ እንዲቆይ ተስማሙ። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ ማለት አይደለም። ከጎረምሶቹ አንዱ እንደ ተታለሉ ነግሮኛል፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ዳር ከተነካ መሐል አይቀርም ብለውኛል። በሚቀጥለው ለቅሶ ግን አብረው ተቀምጠዋል።

ይህ ሥርዓት የሚጸናው በምንድን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ፣ በጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ወጋ የተባለውን የአባቶች ልማድ በመተላለፍ የሚመጣ በደልና ከበደሉም የሚከተል መቅሠፍት ነው፤ ሕመም፣ የእህል መጥፋት፣ የልጅ መሞት ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ይታመናል። በደሉ የሚፈታው በአደባባይ በመናዘዝ ነው። በዱቡሻ የሚዋሽ፣ ወይም ቂሙን በሆዱ ይዞ ታርቄያለሁ የሚል ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ለመቅሠፍት ያጋልጣል። ስለዚህ ጎሜን ከመንፈሳዊ ፍርሃት አልፎ፣ ጠብ የግል ሀብት አይደለም የሚል የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት አድርገን ልናየው እንችላለን። በሁለተኛ ደረጃ ያለው ነገር ከዚህ የበለጠ ዓለማዊ ነው፤ ጉባኤውን እንቢ ያለ ሰው ከሕዝብ ይለያል፤ በእርሻ የሚያግዘው፣ በሐዘን የሚደርስለት አያገኝም። ነገ አብሮ ማረስና አብሮ መቅበር ግዴታ የሆነበት ሰው ዛሬ አንደበቱን መግታት ይማራል።

እዚህ ላይ ከሰሜኑና ከመካከለኛው ደጋ ልማድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የቀድሞው ሙግት፣ በተለይም በላ ልበልሃ የሚባለው፣ በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ ከፍ ያለ የንግግር ጥበብ ነበር። ባለ ጋራዎቹ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ይሄዳሉ፤ በመንገድ ያገኙትን ጨዋ ሰው ዳኛ አድርገው ይቆማሉ፤ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ውርርድ ይገባሉ። ተራ ይጠበቃል፤ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ዱላው በአየር ላይ ይቆም ነበር። ለሕግ የተሰጠው ይህ ክብር በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ከዱቡሻ አያንስም። ዳሩ ግን የሙግት ፍጻሜው መርታት ነው። ረቺ አለ፣ ተረቺ አለ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው የሚመሰገነው የባላጋራውን ቃል አጣሞ፣ በቅኔና በምሳሌ ከብቦ፣ መውጫ በማሳጣቱ ነው። በዱቡሻ ግን የተረታ ሰው ካለ ሥራው ገና አላለቀም፤ ድምፅ የማይቆጠረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ድምፅ መቁጠር ተሸናፊውን ለይቶ በሕዝብ ፊት ማቆም ነውና።

የሙግቱ መንፈስ ከፍርድ አደባባይ ወጥቶ ወደ ዘመናዊው ፖለቲካችን ገብቷል የሚል አስተያየት አለኝ፤ ማረጋገጫ ይሆናል የምለውን አንድ ምሳሌ ብቻ ላቅርብ። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪዎች እንቅስቃሴ የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነበቡ፣ ለመሬት ለአራሹ አብረው የተሰለፉ ሰዎች ድርጅቶች ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ የተለያዩበት ዋና ጥያቄ፣ ከወታደሩ መንግሥት ጋር ተባብሮ ይሠራ ወይስ ሕዝባዊ መንግሥት ወዲያው ይቋቋም የሚል ነበር። በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በብዕር ስም ክርክር ተፈቅዶ ነበር፤ የድርጅቶቹም ልሳኖች፣ «ዴሞክራሲያ»ና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»፣ እርስ በርሳቸው ይመላለሱ ነበር። ያን ዘመን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የክርክሩን ጥልቀት ያደንቃል፤ ወዲያውም አንድ ነገር ያስተውላል፤ የባላጋራው ሐሳብ የሚጠቀሰው ለመሰየም ነው። አንዱ «አናርኪስት»፣ ሌላው «ባንዳ» ይባላል። ሰውዬው ስም ከወጣለት በኋላ መልስ አያስፈልገውም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ያ ትውልድ አለቀ። ገዳዩ የጦር መሣሪያ የያዘው መንግሥት መሆኑን፣ የከተማው ግድያም ከቃላት የባሰ ምክንያት እንደ ነበረው አልዘነጋም፤ ንግግር ብቻውን ሰው አይገድልም። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ሲጠፉ አንዱ የሌላውን ሐሳብ፣ ሌላው በሚቀበለው መልክ፣ መልሶ መናገር የሚችል ሰው ከመካከላቸው እንዳልተገኘ ማስተዋል ለኅብረተ ሰብ ተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ዱቡሻን እንዲህ ካመሰገንሁ በኋላ ጉድለቱን ብሸሽግ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ጉድለቱ በዳር የሚጠቀስ ነገር አይደለም፤ በመሐሉ ላይ ያለ ነው። በዱቡሻ የሚቀመጠው ሙሉ ዜጋ ተብሎ የሚቆጠረው ነው። ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ፣ የባሪያ ዘር የተባሉትም፣ ከጋብቻም ከማዕድም ተለይተው የሚኖሩ፣ በጉባኤውም እንደ እኩል የማይቀመጡ ነበሩ፤ በብዙ ስፍራ ነገሩ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት መጽሐፍ እንደሚያሳየው ይህ አድልዎ በጋሞ ብቻ ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፊው የሚገኝ ነው። ሴቶችም በአብዛኛው ከጉባኤው ውጭ ናቸው። ከላይ በተረክሁት የግጦሽ ክርክር ጊዜ፣ ፍጉን ከበረት ወደ እንሰቱ ተሸክመው የሚያወጡት ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ስለ ፍግ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። አንዲት ሴት የተወሰነውን ስነግራት፣ የተከለለው ዳርቻ ውኃ የሚወርድበት እንደ ሆነ፣ ከብቶቹም አሁን ወደ ወንዝ የሚሄዱት በሰው ማሳ ላይ እንደሚሆን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ምክንያት አዲስ ጠብ ተነሣ።

መስማማት የሚቀለው እኩያ ከእኩያ ጋር ሲነጋገር ነው፤ እኩያ ያልሆነውን አስቀድሞ በማስወጣት የተገኘ ስምምነትም ርካሽ ስምምነት ነው። ይህን ጥያቄ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት በ1954 (እ.ኤ.አ.) ስለ ጥላቻ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በአራት ነገሮች ላይ ሲመሠረት መሆኑን አመልክቷል፤ እነርሱም በግንኙነቱ ውስጥ እኩልነት፣ የጋራ ዓላማ፣ መተባበር፣ የሕግ ወይም የባለ ሥልጣን ድጋፍ ናቸው። ዱቡሻ ሦስቱን በሚገባ ያሟላል፤ የመጀመሪያውን ግን ለተመረጡት ብቻ ይሰጣል።

በውጭ አገር ስማር ከመምህሮቼ አንዱ ስለ አየርላንድ የዜጎች ጉባኤ ያስተምሩን ነበር። በዚያ አገር ስለ ጽንስ ማስወረድ የነበረው ጠብ፣ ከ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጀምሮ፣ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚለይ ነበር። በ2016 (እ.ኤ.አ.) 99 ዜጎች ከሕዝቡ መካከል በዕጣ መሰል አመራረጥ ተሰበሰቡ፤ አንዲት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሴት ሰብሳቢ ሆኑ። በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ እየተቀመጡ፣ ባለሙያዎችንና ሁለቱንም ወገኖች እየሰሙ፣ በየጠረጴዛው ተራ የሚያስጠብቅ ሰው እየተመደበላቸው ለወራት መከሩ። ሕዝበ ውሳኔው በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ሲደረግ 66.4 ከመቶው ማሻሻያውን ለመሻር ድምፅ ሰጠ። ውጤቱን የሚወድም የሚጠላም አለ፤ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር፣ በዕጣ መመረጡ ሴቱንም ወንዱንም፣ ባለ መሬቱንም መሬት የለሹንም በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡ ነው። መምህሬ ወደ እኔ ዞረው፣ «በአገርህ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም አልሁ። በአፍረት የማስታውሰው ነገር ነው፤ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ የጻፈው መጽሐፍ በዚያው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነበር።

ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ስናኖር አንዱ ያለው ሌላውን እንደሚጎድለው እናያለን። አየርላንዳውያኑ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ነበሩ፤ ጉባኤው ሲያበቃ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ የሚያስፈራቸው ጎሜ፣ የሚቀጣቸው መለየት አልነበረም፤ በመጨረሻም በምስጢር ድምፅ ሰጥተዋል። ዱቡሻ ደግሞ የሚሠራው ለሚተዋወቁ፣ ነገም ለማይለያዩ ሰዎች ነው። ታዲያ በአንድ ትልቅ አገር ውስጥ፣ ተዋውቀው ለማያውቁና በወሬ ብቻ ለሚጣሉ ሚሊዮኖች የዱቡሻ ሥርዓት ምን ይፈይዳል? በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን 11 ኮሚሽነሮች ኖረውት ሲቋቋም፣ ስለ ባህላዊ ሸንጎዎች ብዙ ተወስቷል፤ በየወረዳው ከልዩ ልዩ የኅብረተ ሰብ ክፍሎች ተሳታፊዎች ተመርጠዋል። አንዳንድ የተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ፤ በአንዳንድ ስፍራም ጦርነቱ አልቆመም ነበር። የኮሚሽኑን ሥራ መመዘን የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ምርቃቱንና እርጥቡን ሣር ከዱቡሻ መዋስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው፣ ሰው ሊያሸንፍ በማይችልበት ሁኔታ እንዲናገር ማድረግ ነው።

ደግሞም በአርባ ምንጭ የሆነውን በጥንቃቄ ብናየው ከተለመደው አተረጓጎም የተለየ ነገር እናገኛለን። ሽማግሌዎቹ የተንበረከኩት ለባላጋራ አልነበረም። ከኦሮሞ ሽማግሌዎች ጋር አልተነጋገሩም፤ ያ በኋላ የሚመጣ ነው። የተንበረከኩት በራሳቸው ልጆች ፊት ነው። ወጣቶቹም ያዳመጡት፣ የሽማግሌዎቹ ሐዘን ከእነርሱ ሐዘን እንደማያንስ ስላወቁ ይመስለኛል፤ የሞቱት የሁለቱም ወገን ሰዎች ነበሩና። በሌላ ወገን ፊት ደፋር መሆን የተለመደ ነው፤ በየቴሌቪዥኑ የምናየው ነው። የራስን ወገን መቃወም ግን ሌላ ዓይነት ሰውነት ይጠይቃል። በዱቡሻም፣ የጎረምሳውን ጥያቄ መልሰው የተናገሩት ሽማግሌ ያን ጊዜ ዓይናቸው ያተኮረው በጎረምሳው ላይ ሳይሆን ከአጠገባቸው በተቀመጡት ባለ ከብቶች ላይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ከእነርሱም አንዱ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በ2012 ዓ.ም. በብሔር የተለዩ ግጭቶች ተነሥተው የተማሪዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ እኔ በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች በየወገናቸው ተለይተው መቀመጥ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ጊዜ ከዱቡሻው ያየሁትን አንድ ደንብ ለመሞከር አሰብሁ፤ በውይይት ሰዓት፣ ማንም ሰው መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ የሚቃወመውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልሶ እንዲናገር አደረግሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳቅ በዛ፤ ሁሉም የሌላውን ሐሳብ እያጣመመ ይናገር ነበር፤ «አዎ» የሚል ሰው ጠፋ። ቀስ በቀስ አንዳንዶች ቻሉበት። ሌሎች ግን ጭራሽ ዝም አሉ፤ የዝምታቸውን ምክንያት ድንቁርና ወይም ንቀት አድርጌ መቁጠሬ ስሕተት ነበር።

ከእነዚህ ዝምተኞች አንዱን፣ ብልህነቱን ከጽሑፎቹ የማውቀውን ተማሪ፣ ለምን እንቢ እንዳለ ከክፍል ውጭ ጠየቅሁት። «ሐሳባቸውን ማወቁን አውቀዋለሁ» አለኝ፤ «ነገር ግን አሳምሬ ከተናገርሁት በአንድ መኝታ ክፍል የምንተኛው ልጆች ይሰሙኛል።» ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣ። ተቀምጦ የሚቃወማቸውን ሰዎች ክርክር፣ ከእነርሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ በዚያ ልክ ባልተናገረው አኳኋን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አስረዳኝ። ሲገባ በሩን ዘግቶት ነበር።